የጥንት የመንግሥት ምሳሌዎች ለዛሬ አንባቢ ይናገራሉን?

«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» የሚለው የአበው ቃል በከተማም በገጠርም የታወቀ ነው። ብርሌ ጠጁን መያዣ ብቻ ሳይሆን ጥራቱም የሚታይበት እንደ ሆነ ሁሉ፥ ምሳሌም ነገርን ይይዛል፥ የያዘውንም ያሳያል። ከነገርም ሁሉ ይልቅ ምሳሌ የሚያስፈልገው የመንግሥት ነገር ነው፤ ስለ ገዢ በግልጥ መናገር በብዙ አገርና በብዙ ዘመን ራስን የሚያስከፍል ሆኖ ኖሯልና። ስለዚህ ዛፎች ንጉሥ ፈለጉ፥ አንበሳ ለፍርድ ተቀመጠ፥ ዐሣማ አዋጅ አስነገረ እየተባለ ተተረከ፤ ሰሚውም ዛፉ ማን እንደ ሆነ፥ አንበሳውም ማን እንደ ሆነ በልቡ ያውቅ ነበር።

አሁን ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ምሳሌው የተነገረበት ሹም ሞቶ ዐፅሙ ከፈረሰ፥ መንግሥቱም ካለፈ በኋላ፥ ምሳሌው ለማን ይነገራል? የዛሬ አንባቢ ጋዜጣና ሬዲዮ አለው፤ በእጁ የሚይዘው ስልክም የዓለሙን ወሬ በየደቂቃው ያደርስለታል። ስለ ዛፍና ስለ ቀበሮ የተነገረው ነገር ከልጅ ጨዋታ በቀር ምን ይሆነዋል? ይህን በአንድ ቃል አዎን ወይም አይደለም ብሎ መመለስ አይቻልም፤ ከምሳሌዎቹ አንዳንዶቹ ሞተዋልና፥ አንዳንዶቹም ሕያዋን ናቸውና። ይልቅስ የሞተው ለምን እንደ ሞተ፥ የኖረውም ለምን እንደ ኖረ መመርመር ይሻላል። ከዚህ በታች የውጭ አገር ነገር ሲነገር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ የኢትዮጵያ ነገር ሲነገር ግን ዓ.ም. ይታከልበታል።

ከመንግሥት ምሳሌዎች እጅግ ከቈዩት አንዱ በመጽሐፈ መሳፍንት በ9ኛው ምዕራፍ የሚገኘው የኢዮአታም ምሳሌ ነው። ጌዴዎን ሕዝቡ ንገሥልን ቢለው እንቢ ያለ ሰው ነበረ። ከሞተ በኋላ ግን ከዕቅብቱ የተወለደው አቤሜሌክ ከበኣልብሪት ቤት ሰባ ብር ተቀብሎ ወሮበሎች ቀጠረበት፤ ወንድሞቹንም በአንድ ድንጋይ ላይ አረዳቸው፤ የሴኬምም ሰዎች አነገሡት። ከእልቂቱ ያመለጠው ታናሹ ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ የዛፎቹን ነገር ነገራቸው። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ወጡ፤ ወይራው ዘይቱን፥ በለሱ ጣፋጩን ፍሬውን፥ ወይኑም የሚያስደስተውን መጠጡን ትቶ በሌሎች ላይ ሊወዛወዝ አልወደደም። በመጨረሻ የተለመነው እሾህ ግን ወዲያው እሺ አለ፤ ጥላ የሌለው እርሱ በጥላዬ ተጠለሉ አለ፤ እንቢ ብትሉ ከእኔ እሳት ወጥቶ የሊባኖስን ዝግባ ይብላ ብሎም አስፈራራ።

ይህ ምሳሌ ሲነገር ወርቁ ግልጥ ነበር፤ እሾሁ አቤሜሌክ ነው። አቤሜሌክም ሦስት ዓመት ገዝቶ የራሱን ከተማ ሴኬምን አፈረሰ፤ በግንቡ የተጠጉትን ሺህ ያህል ወንዶችና ሴቶች በእሳት አቃጠለ፤ በቴቤስም አንዲት ሴት ከግንብ ላይ የወፍጮ መጅ ጥላበት ሞተ። የምሳሌው ሰው እንዲህ አለፈ። ምሳሌው ግን ከእርሱ ጋር አልተቀበረም። ምክንያቱም በምሳሌው ውስጥ አቤሜሌክ የሚባል ስም የለም፤ ያለው እሾህ ነው። እሾህ ደግሞ በየዘመኑና በየአገሩ ይበቅላል።

ሊቃውንት በጉባኤ እንደሚያደርጉት «አንድም» ብሎ መተርጐም ይቻላል። ነገሩ እሾሁን ብቻ የሚነቅፍ ይመስላል። አንድም፥ ወይራውን በለሱንና ወይኑን ይነቅፋል፤ ፍሬ ያላቸው ሁሉ በፍሬያቸው ተደላድለው የወገናቸውን ሸክም አልሸከምም ቢሉ፥ ፍሬ የሌለው ይሾማልና። አንድም፥ ዛፎቹን ሁሉ ይነቅፋል፤ ንጉሥ የግድ ያስፈልገናል ብለው ማንንም ለማንገሥ ቸኩለዋልና። እንግዲህ የዛሬ አንባቢ፥ ይልቁንም የተማረው የከተማ ሰው፥ ምሳሌውን ስለ አንድ የጥንት ግፈኛ ብቻ የተነገረ አድርጎ ቢያነብ ከሦስቱ ሁለቱን ትርጓሜ ጥሎአል ማለት ነው። የጣለውም እርሱን ራሱን የሚነካውን ነው።

ብዙ ሰዎች ምሳሌ ማለት ፍርሃት የወለደው መሸሸጊያ ነው ይላሉ። እንዲህስ ከሆነ ፍርሃቱ ሲቀር ምሳሌውም ይቅር ማለት ይገባል። ነገር ግን ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት የሄደበት መንገድ ይህን አሳብ ያፈርሰዋል። ናታን የአንዲቱን በግ ነገር ተናግሮ ዝም አላለም፤ ያ ሰው አንተ ነህ ብሎ በንጉሡ ፊት በግልጥ ተናግሯል። ለመሸሸግ ቢሆን ኖሮ ምሳሌውን ተናግሮ በወጣ ነበር። ምሳሌውን ያስቀደመው ዳዊት የራሱ ነገር መሆኑን ሳያውቅ በትክክል እንዲፈርድ ነው። ሰው በባልንጀራው ነገር ዐዋቂ ዳኛ ነው፤ በራሱ ነገር ግን ጠበቃ ይሆናል። ምሳሌ ሰውን በጠበቃ ወንበር ሳይሆን በዳኛ ወንበር ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም በኋላ ፍርዱን ወደ ራሱ ይመልሰዋል። ይህ ሥራ በነጻነት አገርም በግፍ አገርም የሚያስፈልግ ነው።

ነገር ግን ምሳሌ ሁልጊዜ በተገፋው ወገን ብቻ የቆመ አይደለም። የሮማ ጸሐፌ ታሪክ ሊቪዮስ እንደ ተረከው፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ494 ዓመት የሮማ ድኾች በዕዳና በውትድርና ተማርረው ከከተማይቱ ወጥተው በተራራ ላይ ሰፈሩ። መኳንንቱም ሜኔንዮስ አግሪጳ የተባለውን ሽማግሌ ላኩ። እርሱም እጅና አፍ ጥርስም፥ ሆድ ሳይሠራ ይበላል ብለው አድመው ምግብ ቢከለክሉት፥ እነርሱ ራሳቸው እንደ ደከሙ ነገራቸው። ሆዱ የሸንጎው መኳንንት፥ ብልቶቹ ሕዝቡ ናቸው። ሕዝቡም ታርቆ ተመለሰ። ሆኖም በምሳሌው ብቻ አልተመለሰም፤ ስለ እርሱ የሚከራከሩለት የሕዝብ ጠበቆች እንዲሾሙለት አስፈቅዶ ነው።

የዚህ ምሳሌ ሰም፥ ማለት አካልና ብልቶቹ፥ በተናጋሪው እጅ ብቻ አልቀረም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያይቱ መልእክት በ12ኛው ምዕራፍ አካልና ብልቶችን ምሳሌ አድርጎ ሲናገር ክብሩን ለሆድ አላደረገውም፤ ደካማ የሚመስሉት ብልቶች ይልቅ እንደሚያስፈልጉ፥ አንዱም ሲታመም ሁሉ አብሮ እንዲታመም አስተማረ። አንዱ ሰም ለሁለት ወርቅ ሆነ ማለት ነው። ምሳሌ አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣ የተናጋሪው ባሪያ ሆኖ አይኖርም። ለገዢው የተሠራው ለተገዢው ሊናገር ይችላል።

ምሳሌ ከአገር ወደ አገር እንዴት እንደሚሻገር የሚያሳየው ደግሞ የከሊላና የዲምና መጽሐፍ ነው። ይህ መጽሐፍ የንጉሥ ልጆች የመንግሥትን ጥበብ ይማሩበት ዘንድ በህንድ አገር በሳንስክሪት ቋንቋ ከተዘጋጁ የእንስሳት ተረቶች የመጣ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት፥ በፋርስ ንጉሥ በኮስሮስ አኑሺርዋን ዘመን፥ ቡርዞይ የተባለ ሐኪም ወደ ፋርስ ቋንቋ መለሰው፤ በ8ኛውም መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ኢብን አልሙቀፋዕ ወደ ዐረብኛ መለሰው። በውስጡ አንበሳ ይነግሣል፤ በሬ ወዳጁ ይሆናል፤ ዲምና የተባለው ቀበሮ ግን ሁለቱን በነገር አጣልቶ በሬውን ያስገድላል። ተርጓሚው ኢብን አልሙቀፋዕ ራሱ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በባስራ በሹማምንት እጅ ተገደለ። የገደሉት ሹማምንት ስም ዛሬ በታሪክ ተመራማሪ ዘንድ ብቻ ይታወቃል፤ የነገረኛው የዲምና ስም ግን ከህንድ እስከ ስጳንያ ተሰምቷል።

የኢትዮጵያም ሊቃውንት ከዚህ መንገድ ውጭ አልነበሩም። የአራዊትን ጠባይ ለነፍስ ምሳሌ አድርጎ የሚተረጕመው መጽሐፈ ፊሳልጎስ በአክሱም ዘመን ከጽርእ ወደ ግእዝ ተመልሷል። ከህንድ ምድር የመነጨውን የበረላምንና የይዋስፍን መጽሐፍ ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ በ1553፥ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውታል። ስለዚህ አውሬ ሲናገር መስማት፥ በአውሬውም ውስጥ ሰውን ማየት፥ ለኢትዮጵያ አንባቢ ከፈረንጅ የተበደረው እንግዳ ነገር አይደለም።

እስከ አሁን የተነገሩት የኖሩት ናቸው። ስለ ሞቱትም መናገር ይገባል። በእንግሊዝ አገር በንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ ዘመን ጆን ድራይደን የተባለ ታላቅ ባለቅኔ «አቤሴሎምና አኪጦፌል» የሚል ረጅም ግጥም በኅዳር ወር 1681 አሳተመ። ንጉሡ ሕጋዊ ልጅ አልነበረውም፤ ወራሹ ወንድሙ ያዕቆብ ካቶሊካዊ ስለ ነበረ፥ የሻፍትስበሪ ባላባት ከወገኖቹ ጋር ሆኖ ከወራሽነት ሊያስወጣው፥ በፈንታውም የንጉሡን ዲቃላ የመንማውዝን መስፍን ሊያስነሣ ይደክም ነበር። ባለቅኔውም ንጉሡን ዳዊት፥ መስፍኑን አቤሴሎም፥ ባላባቱን አኪጦፌል ብሎ ሰየማቸው። ባላባቱ በዚያ ወር ታስሮ ፍርድ ይጠብቅ ነበርና ግጥሙ እንደ ትኩስ ዳቦ ተሻማ። ሆኖም በዚያው ወር የለንደን ዳኞች ክሱን ሳይቀበሉ ለቀቁት።

ዛሬ ያን ግጥም የሚያነብ የእንግሊዝ ተማሪ በየገጹ ግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል፤ ይህ እገሌ ነው፥ ያ እገሌ ነው ካልተባለለት መንገዱ ይጠፋበታል። የግጥሙ ውበት አልጠፋም፤ ሊቃውንት ያደንቁታል። ለገበያ ሰው ግን አይናገርም። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ምሳሌው በስም ላይ ስም የተለጠፈበት ነበረ፤ እያንዳንዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ሰው ለአንድ የለንደን መኰንን ብቻ ተሰፋ። ልብስ ለአንድ ሰው ብቻ ተለክቶ ሲሰፋ ባለቤቱ ሲሞት ለሌላ አይሆንም። ኢዮአታም ግን እሾህ አለ እንጂ የአቤሜሌክን መልክ አልሣለም።

በሞትና በሕይወት መካከል ያለ መጽሐፍም አለ። ዮናታን ስዊፍት በ1726 ያሳተመው የጉሊቨር ጕዞ በብዙ አገር ለሕፃናት ይነበባል። በጻፈው ጊዜ ግን የመንግሥት ነቀፋ ነበረ። በትንንሾቹ ሰዎች አገር ሹመት የሚገኘው በገመድ ላይ በመዝለል ነው፤ ከሁሉ የሚበልጥ የሚዘለው የግምጃ ቤቱ ሹም በዚያ ዘመን የእንግሊዝን መንግሥት የያዘውን ሮበርት ዋልፖልን ያመለክት ነበር። ሁለት ወገኖች በጫማ ተረከዝ ቁመት ይጣላሉ፤ ሁለት መንግሥታትም እንቍላል በሰፊው ወይስ በጠባቡ ጫፉ ይሰበር በሚል ክርክር ደም ይፋሰሳሉ። ዛሬ ዋልፖል ማን እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሹመት በችሎታ ሳይሆን በዝላይ የሚገኝበትን ቢሮ ያየ ሰው ሁሉ ገመዱን ሲያነብ ይሥቃል። በዚያ መጽሐፍ ለአንድ ሰው የተሰፋው ሞተ፤ በሰው ጠባይ ላይ የተመሠረተው ኖረ።

ፈረንሳዊው ላ ፎንቴን በ1678 ባሳተመው ክፍል ውስጥ ያለው የቸነፈሩ ተረት ይህን ያጸናዋል። ቸነፈር በአራዊት ላይ በወረደ ጊዜ አንበሳ ጉባኤ ሰብስቦ ኃጢአቱ የከፋ ይሠዋ አለ። እርሱ በጎችን፥ አንዳንድ ጊዜም እረኛውን እንደ በላ ተናዘዘ፤ ቀበሮ ግን ይህ ለበጎቹ ክብር ነው ብሎ አስተሰረየለት። ኃይለኞቹ ሁሉ እንዲህ ነጹ። አህያ ከገዳም መስክ ጥቂት ሣር እንደ ቀመሰ በተናዘዘ ጊዜ ግን ሁሉ ጮኸበት፥ ሞትም ተፈረደበት። ኢትዮጵያዊ አያት በምድጃ ዳር ይህንኑ የሚመስል ተረት ታውቃለች፤ አንበሳ ነብርና ጅብ ኃጢአታቸውን እየተናዘዙ እርስ በርሳቸው ይቅር ይባባላሉ፥ ሣር የበላች አህያ ግን የአገር መቅሠፍት ምክንያት ትሆናለች፥ ትበላለችም። የቬርሳይን ችሎት የማያውቅ ገበሬ ለዚህ ተረት ማስታወሻ አያሻውም። ጠበቃ አጥቶ በሸንጎ የቆመ ሰው ሁሉ የአህያዋን ድምፅ ያውቃልና።

ይህ የላ ፎንቴን ዘር በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቴአትር መጀመሪያ ሆነ። በሩስያ አገር የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ረቂቅ አዘጋጅ፥ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ጨዋታ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ለመኳንንቱ አሳዩ። በአውሬዎች አፍ የአስተዳደርን ጉድለትና የሹማምንትን ብልሹነት የሚነቅፍ ነበረ። የንግሥት ዘውዲቱም መንግሥት ከለከለው፤ ቴአትርም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ጸጥ አለ። አውሬ በመድረክ ላይ መናገሩ ያን ያህል ማስፈራቱ ሰሚዎቹ ትርጓሜውን በሚገባ እንደ ተረዱ ያስረዳል። ሰምና ወርቅን፥ ኅብርንና ውስጠ ወይራን እየለየ የሚያድግ ሕዝብ ወርቁን ሳያገኝ አይቀርም። ከዚያም በ1955 ዓ.ም. አቤ ጉበኛ «አልወለድም» የሚለውን መጽሐፍ አወጣ፤ በማኅፀን ያለ ሕፃን ወደዚህ ግፍ አልወጣም ብሎ ይሟገታል። እርሱም ታገደ። የከለከሉት ባለሥልጣናት አልፈዋል፤ የሕፃኑ ክርክር ግን ዛሬም በአንባቢ ዘንድ ይነሣል።

በ20ኛው መቶ ዓመት ከተጻፉት የመንግሥት ምሳሌዎች ከሁሉ ይልቅ የታወቀው እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል በነሐሴ 1945 ያሳተመው የእንስሳት እርሻ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። እንስሳት ሰካራሙን ባለ እርሻ አባረው እኩልነትን አወጁ፤ ሰባት ትእዛዛትም በግድግዳ ጻፉ። ዐሣማዎች ግን ቀስ በቀስ ጌቶች ሆኑ፤ ትእዛዛቱም በሌሊት እየተፋቁ ተለወጡ። አብዝቼ እሠራለሁ የሚል ታማኝ ፈረስ ጕልበቱ ባለቀ ጊዜ ለፈረስ አራጅ ተሸጠ፤ በመጨረሻም ዐሣማና ሰው በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ፊታቸው የማይለይ ሆነ። ወርቁ የሩስያ አብዮት ነበረ፤ ዋናው ዐሣማ ስታሊን፥ የተሰደደውም ትሮትስኪ ናቸው። መጽሐፉ በ1944 ሲያልቅ ሩስያ የእንግሊዝ የጦር ወዳጅ ስለ ነበረች ብዙ አሳታሚዎች አንቀበልም ብለው መለሱት።

ከዚህ በኋላ የመጽሐፉ ዕድል ለተነሣው ጥያቄ ትልቅ ማስረጃ ነው። በ1947 በጀርመን አገር በስደተኞች ሰፈር ለነበሩ የዩክሬን ሰዎች በቋንቋቸው ታተመ፤ ኦርዌልም መቅድም ጻፈለት። የአሜሪካ ወታደሮች ግን ከመጽሐፉ ብዙውን ይዘው ለሩስያ ሹማምንት አስረከቡ። ጥቂት ዓመት ሳይቈይ ነፋሱ ተለወጠና በ1954 የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት በስውር ገንዘብ ከፍሎ ታሪኩ በሥዕል ሲኒማ እንዲሠራ አደረገ። በሲኒማው ግን መጨረሻው ተለወጠ፤ ከዐሣማዎቹ ጋር በማዕድ የተቀመጡት ሰዎች ወጡ፤ እንስሳቱም ዳግመኛ ተነሥተው ዐሣማዎቹን ጣሉ። ለምን እንደ ተለወጠ ለአስተዋይ ሰው የተሰወረ አይደለም። ኦርዌል በዚያ ማዕድ የነቀፈው ዐሣማውን ብቻ አልነበረም፤ ከዐሣማው ጋር የሚጫወተውን ሰውም ነበረ። ከፋዩን የሚነካው ተቆርጦ ባላጋራውን የሚነካው ቀረ።

ምሳሌ የሚሞትበት ሁለተኛው መንገድ ይህ ነው። የድራይደን ምሳሌ ስሞቹ ሲረሱ ሞተ፤ ይህኛውን ግን አንባቢ በገዛ እጁ ይገድለዋል። ምሳሌውን ሁሉ በባላጋራው ላይ ያደርጋል፤ ለእርሱ የተነገረውን ክፍል ይዘልላል። እንዲህ የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ይወድደዋል፥ ያመሰግነውማል፤ ነገር ግን አልሰማውም።

ሆኖም የእንስሳት እርሻ በዚህም አልሞተም። ስታሊን በ1953 ሞተ፤ የሶቪየት መንግሥት በ1991 ፈረሰ፤ መጽሐፉ ግን ይነበባል። በ2001 በዚምባብዌ አንድ ጋዜጣ ታሪኩን በተከታታይ አሳተመው። ሐተታ አልጨመረበትም፤ ብቻ በአንዱ ሥዕል ላይ ለዋናው ዐሣማ የፕሬዚዳንቱን የሮበርት ሙጋቤን የመሰለ መነጽር አደረገለት። ያ መነጽር በቂ ሆነ። ሰሙ ስለ ሩስያ ተብሎ የተቀረጸ ሲሆን የሩስያን ምድር ላላየ ለአፍሪካ አንባቢ ወርቁ ከቤቱ ተገኘ። በኢትዮጵያም በ1966 ዓ.ም. የተጀመረውን ያየ፥ መሬት ለአራሹ ሲባል የዘመረ፥ ከዚያም የእህል ኮታንና የግዴታ ውትድርናን የቀመሰ ሰው፥ የዚያ ፈረስ መጨረሻ እንዲተረጐምለት አይፈልግም።

ወርቅ አንጥረኛ አስቀድሞ ሰም ይቀርጻል፥ በጭቃ ይለብጠዋል፥ ሰሙን አቅልጦ ያፈሳል፥ በባዶውም ቦታ ወርቅ ያፈስሳል። የቅኔ ሊቃውንት ስያሜያቸውን ከዚህ ወሰዱ። በመንግሥት ምሳሌ ግን ዘመን ሥርዐቱን ይገለብጠዋል። ያን ጊዜ ወርቅ የነበረው፥ ማለት የሹሙ ስምና የነገሩ ምስጢር፥ ከጊዜ በኋላ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ቅርጹ ይቀራል። ቅርጹ በእውነት ከሰው ጠባይ የተወሰደ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ወርቅ ያፈስስበታል። ቅርጹ የአንድ ሰው ፊት ብቻ እንደ ሆነ ግን ሌላ ወርቅ አይቀበልም። እንግዲህ ጥንታዊ ምሳሌ ዛሬ ይናገራልን ለሚለው ጥያቄ መልሱ በቅርጹ ጥራት ነው እንጂ በዕድሜው ርዝመት አይደለም።

በግልጥ መናገር በሚፈቀድበት አገር ምሳሌ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም፤ ክስን በማስረጃ፥ ነቀፋን በስም መናገር ለፍርድ ይጠቅማልና። ነገር ግን በግልጥ የተነገረ ነቀፋ የዛሬውን ሹም ያወርዳል፤ ነገ የሚሾመውን አያስተምርም። ጋዜጣ የዕለቱን እሾህ በስሙ ይጠራል፤ ምሳሌ ግን እሾህ እንዴት እንደሚነግሥ ያስተምራል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አንዱ በአንዱ አይተካም።

ሌላው ጥንቃቄ ለአስተማሪዎች ነው። በአሁኑ ዘመን እነዚህ መጻሕፍት በየትምህርት ቤቱ ለፈተና ይነበባሉ፤ ተማሪውም ይህ ዐሣማ ስታሊን ነው፥ ይህ ፈረስ ሠራተኛው ነው እያለ ያጠናል። መጀመሪያውን ማወቅ መልካም ነው። ትምህርቱ በዚያ ካበቃ ግን ሕያው የሆነውን ምሳሌ እንደ ድራይደን ግጥም ያደርገዋል። የቅኔ መምህር ደቀ መዝሙሩን ወርቁን አግኝተሃል ብሎ አያሰናብተውም፤ ሂድና አንተ ቍጠር ይለዋል። ተማሪውም ዕድሜ ልኩን የሚሠራበትን መንገድ ይዞ ይወጣል። የመንግሥት ምሳሌም አስተማሪ ተማሪውን በዘመንህ ወይራው ማን ነው፥ እሾሁን ለመነው የሄደውስ ማን ነው ብሎ ቢጠይቀው ምሳሌው ይናገራል።

የሴኬም ሰዎች የኢዮአታምን ምሳሌ ሰምተው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ሦስት ዓመትም ተገዙ፥ በመጨረሻም ተቃጠሉ። ዳዊት የናታንን ምሳሌ ሰምቶ በደልሁ አለ። ሁለቱም ምሳሌዎች ጥሩ ነበሩ፥ ሁለቱም ተናጋሪዎች እውነተኞች ነበሩ፤ የተለየው ሰሚው ነው። ስለዚህ ጥንታዊ ምሳሌ ዝም ያለ ሲመስል አንባቢ አስቀድሞ መጽሐፉን አይውቀስ፤ እሾሁን ከጐረቤቱ አጥር ላይ ብቻ ፈልጎት እንደ ሆነ ጆሮውን ይመርምር።